ዊንዶውስ ከመቀየርዎ በፊት ዲስኩን ይመልከቱ

በሐዋሳ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ኮምፒውተር በተንቀራፈፈ ቁጥር ፎርማት ማድረግ (ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን) የተለመደ መድኃኒት ሆኗል፤ ከዚያ በፊት ግን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን በአንድነት ተጭኖ ታስክ ማናጀርን (ኮምፒውተሩ እየሠራ ያለውን የሚያሳየውን መስኮት) መክፈትና ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ የዲስኩን እንቅስቃሴ ማየት ይበጃል። ዲስኩ 100 በመቶ ተይዞ የማንበብና የመጻፍ ፍጥነቱም ከፍተኛ ከሆነ አንድ ፕሮግራም ሥራ አብዝቶበታል ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሪሶርስ ሞኒተርን (እያንዳንዱ ፕሮግራም ዲስኩን ምን ያህል እንደሚጠቀም የሚያሳየውን የዊንዶውስ መሣሪያ) ከፍተው በዲስክ ክፍሉ ዝርዝሩን ቶታል (የማንበብና የመጻፍ ድምር) በሚለው ዓምድ ቢያስደረድሩ፣ ጥፋተኛው፣ ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ አፕዴት ወይም ጸረ ቫይረሱ፣ ወዲያው ይታያል። ፍጥነቱ እጅግ ዝቅ ብሎ ሬስፖንስ ታይም (ዲስኩ ምላሽ ለመስጠት የሚፈጅበት ጊዜ) የሚለው ቁጥር በሺህ የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ከደረሰ ግን ኬብሉ ላልቶ ወይም ዲስኩ ራሱ ሊበላሽ ተቃርቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ምንም ነገር ከመነካካትዎ በፊት የደንበኞችን ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ።