ሁለተኛ ማርሽ ክርርር ሲል፦ የካምቢዮ ዘይት ችግርና መፍትሔ

ፍሪሲዮኑ በደንብ መልቀቁን፣ የማርሽ ኬብሉ አለመላላቱን፣ ከካምቢዮው ሥር የሚንጠባጠብ ነገር አለመኖሩን አይታችኋል ብዬ ልነሳ። ይህን ያላየ ሰው ዘይት ለመግዛት አይቸኩል። አንድ መለያ ዘዴ ብቻ ልጨምር፦ ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ ሁሉ ቀለል ብሎ እየገባ ሞተሩ ሲነሳ እምቢ ካለ ፍሪሲዮን ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ከከበደ ወይ ኬብል ነው ወይ የወፈረ ዘይት። የሚጮኸው የኋላ ማርሽ ብቻ ከሆነ በብዙ መኪና የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ማርሹ ያለ ጩኸት እንዲገባ የሚያደርገው ቀለበት) የለውም፤ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ትንሽ ቆይታችሁ አስገቡ እንጂ ካምቢዮ አታስወርዱ።

ምልክት፦ ጠዋት ደህና ነው፤ ሲሞቅ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ ይጮኻል

በጎጃም መንገድ ላይ ከሚሠሩ መኪኖች ደጋግሞ የሚመጣው ይኼ ነው። መኪናው ከአዲስ አበባ ሲነሳ ምንም የለበትም። ጎሐ ጽዮንን አልፎ አባይ በረሃን ማርሽ ይዞ ይወርዳል፤ ድልድዩ ላይ ከፍታው ከ1,000 ሜትር ብዙም አይርቅም። ከዚያ ጭነቱን እንደያዘ ወደ ደጀን አፋፍ፣ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ይወጣል። ካምቢዮው ቁልቁለቱንም ዳገቱንም ሲሠራ ስለዋለ እጅ አያስነካም። ሾፌሩ ኩርባው ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲመልስ ክርርር ይላል። ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ድረስ ረዳቱም፣ ተሳፋሪውም፣ ሻይ ቤት ያገኘው ሰውም «ካምቢዮው አልቋል» ብለው ፈርደውለታል።

አላለቀም። አብዛኛውን ጊዜ ካምቢዮው ውስጥ የዲፍረንሻል (ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን) ዘይት ነው ያለው።

ማርሽ ያለ ጩኸት እንዲገባ የሚያደርገው ሲንክሮናይዘር ነው፤ በብዙ መኪና ከናስ ወይም ከነሐስ የተሠራ ቀለበት። ማርሹ ከመግባቱ በፊት ይህ ቀለበት ሾጣጣውን ብረት ጨብጦ የሁለቱን ፍጥነት ያስተካክላል። ለመጨበጥ ፍትጊያ ይፈልጋል። ዘይቱ ከመጠን በላይ ካንሸራተተ ቀለበቱ መጨበጥ ያቅተዋል፤ ፍጥነቱ ሳይስተካከል ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል። የምትሰሙት ክርርር ይኼ ነው።

ጂኤል-5 የሚባለው ዘይት የተቀመመው ለዲፍረንሻል ነው። የኋላ ዲፍረንሻል ውስጥ ፒኞኑ (ትንሹ ጥርስ) ከኮሮናው (ከትልቁ ጥርስ) መሀል ዝቅ ብሎ ስለሚገጠም ጥርሶቹ እየተሽከረከሩ ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ነው የሚሠሩት፤ ጭነቱም ከባድ ነው። ስለዚህ ጂኤል-5 ውስጥ የሚገባው የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመም ለካምቢዮ ከሚሆነው ከጂኤል-4 እጥፍ ገደማ ነው። ይህ ቅመም ብረት ለብረት ሲፋጭ ያድናል፤ ሲንክሮናይዘር ላይ ግን ያንሸራትታል። በተለይ በድሮው አቀማመም የተሠራው ሰልፈር ሲሞቅ ቢጫውን ብረት፣ ናሱንና ነሐሱን፣ ይበላል። የዘንድሮዎቹ ጂኤል-5 ዘይቶች ቢጫ ብረት እንዳይበሉ ተሻሽለዋል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ተሻሽለዋል። ማንሸራተታቸው ግን የትም አልሄደም።

ታዲያ ለምን ይሞላል? ጋራዡ ውስጥ የተከፈተው በርሜል አንድ ስለሆነ። መኪናው ለዲፍረንሻል ይገባል፣ «እግረ መንገዳችንን ካምቢዮውንም» ይባላል፣ ከአንዱ ጄሪካን ለሁለቱም ይቀዳል። ሱቅ ሄዳችሁ ጂኤል-4 ስትጠይቁ ደግሞ ሻጩ ጂኤል-5 ያወጣና «ይኼ ይሻላል፣ ከአራት አምስት ይበልጣል» ይላችኋል፤ የተማሪ ውጤት የሚሰጥ ይመስል። ቁጥሩ ደረጃ አይደለም። አራቱ ለአንድ ሥራ፣ አምስቱ ለሌላ ሥራ ነው።

ከፍኖተ ሰላም ማርቆስ የሚመላለስ አንድ ሚኒባስ አስታውሳለሁ። ባለቤቱ ካምቢዮ አስወርዶ አሮጌ ካምቢዮ ከመርካቶ አስመጣ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ያም መጮኽ ጀመረ፤ ሌላ ገዛ። ሦስተኛውን ሊገዛ ሲሰናዳ «እስኪ መጀመሪያ ዘይቱን እንየው» አልኩት። ሲፈስ ጣሳው ውስጥ ወርቃማ ብናኝ ያብለጨልጫል፤ የሲንክሮናይዘሩ ናስ ነው። «ጋሼ፣ ይኼን ማን ሞላው?» ብለው «ያው ሁልጊዜ የሚሞላልኝ ልጅ» አለ። ልጁ ካምቢዮ በተቀየረ ቁጥር ያንኑ የዲፍረንሻል ዘይት ሲያለብሰው ነበር። በ75ደብሊው-90 (ቁጥሩ የዘይቱ ውፍረት ነው) ጂኤል-4 ስንሞላው ሦስተኛው ማርሽ ዝም አለ። ሁለተኛው ቀነሰ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልተወም፤ የተበላ ቀለበት በዘይት አይመለስም። ለሁለት ካምቢዮ የወጣው ገንዘብ ግን ከአንድ ጄሪካን ዘይት ጋር አይወዳደርም።

መፍትሔው እንግዲህ የሚጀምረው ከመኪናው መመሪያ ነው፤ መመሪያው ከሌለ የሻንሲና የካምቢዮ መለያውን ይዞ መጠየቅ። ብዙዎቹ የቶዮታ መመሪያዎች ለካምቢዮ 75ደብሊው-90፣ «ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5» ይላሉ። ይህን እያሳየ የሚሟገተኝ ሰው አይጠፋም፤ ልክ ነው፣ ተጽፏል። ምርጫ ከተሰጠኝ ግን ጂኤል-4 አስገባለሁ፤ መጮኽ የጀመረ ካምቢዮ ከሆነማ ምርጫም የለውም። መመሪያው ጂኤል-4 ብቻ ካለ ደግሞ ክርክሩ እዚያው አለቀ።

አሮጌውን ዘይት መኪናው ሞቅ ብሎ ሳለ አፍስሱት። ነገር ግን ከማፍሰሻው ቡሎን በፊት የመሙያውን ፍቱ። እንደገና እላለሁ፦ መጀመሪያ የመሙያውን! ዘይቱን አፍስሶ ሲያበቃ የመሙያው ቡሎን ዝጎ አልፈታ ብሎት፣ መኪናው ባዶ ካምቢዮ ይዞ ጋራዥ ውስጥ ያደረበትን መካኒክ አውቃለሁ። ጠዋት ባለ መኪናው ጭነት ሊጭን መጣ፤ የሆነውን ለእናንተ እተወዋለሁ።

የፈሰሰውን ዘይት እዩት። ማግኔቱ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ለጥ ያለ ጭቃ የተለመደ ነው። ወርቃማ ብናኝ የሲንክሮናይዘር ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ካገኛችሁ ዘይት መቀየሩን ትታችሁ ካምቢዮውን ክፈቱ። ውስጡን በናፍጣ አትጠቡ! ጋራዦቻችን ይህን ልማድ ለምን እንደሚወዱት አላውቅም፤ ታች የሚቀረው ናፍጣ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ማጠብ ካስፈለገ በዚያው ዓይነት ዘይት።

ሲሞላ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ በክሪክ ፊቱ ብቻ ከተነሳ ልኩ ይሳሳታል። በብዙ ካምቢዮ ዘይቱ የመሙያው ቀዳዳ ከንፈር ላይ ደርሶ መንጠባጠብ ሲጀምር በቃ። ከመጠን በላይ ከሞላ አረፋ ይሠራል፤ የፊት ዘይት መከላከያውን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት) አልፎም ፍሪሲዮኑን ያረክሳል። ካነሰ ደግሞ የፊት ጎማ በሚነዱ ብዙ መኪኖች አምስተኛ ማርሽ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠማው እሱ ነው።

እንዲህ አድርጌ ቀይሬ እንኳ ማርሹ የመጀመሪያ ቀን ሙሉ በሙሉ ዝም አይልም፤ አሮጌው ቅሪት እስኪታጠብ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። በማግስቱ ተመልሶ «ምንም አልሠራም» የሚል ሾፌርን ሳምንት ሠርተህበት ና እለዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ በተቃራኒው፦ ይህን አንብባችሁ ጂኤል-4 የኋላ ዲፍረንሻል ውስጥ እንዳትከቱ። ኮሮናና ፒኞኑን ይበላዋል፤ ያኔ ጩኸት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ካምቢዮና ዲፍረንሻል አንድ ሳጥን ውስጥ የሆኑባቸው፣ የፊት ጎማ የሚነዱ ትንንሽ መኪኖች ግን የሚሞሉት የካምቢዮ ዘይታቸውን ነው።

ምልክት፦ ጠዋት ማርሹ ይከብዳል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይለቃል

ወፍራም ዘይት ነው። እንጅባራ ወይም ማርቆስ ውጭ ያደረ መኪና ላይ 85ደብሊው-140 ከተሞላ ጠዋት ማርሽ ለማስገባት ክንድ ይጠይቃል። ዘይቱ ቀለበቱ ሥር ተኝቶ አልወጣ ስለሚል ሲንክሮናይዘሩ ብረቱን አያገኘውም።

እዚህ ላይ አይሱዙዎች የተለየ በደል ይፈጸምባቸዋል። የብዙዎቹ አይሱዙ የጭነት መኪኖች ካምቢዮ የሚጠይቀው የሞተር ዘይት ነው። አዎ፣ የሞተር ዘይት፤ መመሪያው ላይ አለ። ይህን ስናገር ግን የምታየኝ ዓይን አስማተኛ የምታይ ዓይን ናት። «ለከባድ መኪና ከባድ ዘይት» ይሉና 140 ይሞሉበታል። ከቡሬ በቆሎ የሚጭን አንድ ሾፌር ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ማርሽን ዘሎ ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ መሄድ ለምዶ ነበር፤ በዚህም ፍሪሲዮኑን ጨረሰው። ያወጣነው ዘይት ማር ይመስል ነበር፤ መመሪያው በሚለው የሞተር ዘይት ተካነው፤ ማርሹ በሁለት ጣት ገባ።

«የሞተር ዘይት ቀጭን አይደለም ወይ?» ለሚል፦ የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ቁጥሮች የሚለኩበት ሚዛን ይለያያል። በ100 ዲግሪ ሙቀት የካምቢዮ 90 ውፍረቱ ከሞተር 40 እና 50 ጋር ይቀራረባል። 90 ከ40 እጥፍ በላይ ወፍራም ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ይህ ማለት ግን ማንኛውም መኪና ላይ የሞተር ዘይት ሙሉ ማለት አይደለም! መመሪያው ያለው መኪና ላይ ብቻ። ኤቲኤፍ (የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት) የሚጠይቅ ማኑዋል ካምቢዮም አለ፤ እሱም እንዲሁ።

ምልክት፦ ስትገዙት ዝም ያለ ነበር፤ ትክክለኛው ዘይት ሲገባ መጮኽ ጀመረ

አሮጌ መኪና ሲሸጥ የተበላ ኩሽኔታን ዝም ለማሰኘት 140 መሙላት የታወቀ ተንኮል ነው። ዘይቱን ስትቀይሩት ድምፁ ይመለሳል፤ እርግማኑን የሚቀምሰው የቀየረው መካኒክ ነው። ዜሮ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ዋይ የሚልና ሲረገጥ ዝም የሚል ከሆነ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ያስቀይሩ። መልሶ በ140 ማፈን ጩኸቱን እንጂ መበላቱን አያቆምም። መኪና ልትገዙ ስትሄዱ የካምቢዮውን ዘይት ጠብታ በጣት ነክታችሁ እዩት።

ምልክት፦ ዘይቱ ወተት መስሏል

ውሃ ገብቷል። ክረምት ላይ ወንዝ የተሻገረ መኪና ላይ የሞቀው ካምቢዮ በድንገት ሲቀዘቅዝ በመተንፈሻው (አየር በሚያስወጣው ቀዳዳ) ውሃ ይስባል። አፍስሱ፣ በዚያው ዓይነት ዘይት ሙሉ፣ አጭር መንገድ ንዱ፣ እንደገና አፍስሱ፤ እስኪጠራ። መተንፈሻውን ከጭቃ አጽዱ። የተደፈነ መተንፈሻ በተራው ዘይቱን በዘይት መከላከያዎቹ በኩል ያስወጣዋል፤ የዘይት መከላከያ ሦስት ጊዜ ቀይራችሁ አሁንም የሚያፈስ ከሆነ መተንፈሻውን ነው ያላያችሁት።

ዘይቱ ራሱ ሐሰተኛ ከሆነ

ቀለም አይታችሁ አትፍረዱ፤ ቀለም ይጨመራል። የካምቢዮ ዘይት የሰልፈር ጠረን ይኖረዋል፤ ምንም የማይሸት «የካምቢዮ ዘይት» ይጠርጠር። ክዳኑ ማኅተሙ የተነካ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ኤስኤኢ (ውፍረቱን) እና ኤፒአይ (እንደ ጂኤል-4 ያለውን ዓይነቱን) የሚሉት ደረጃዎች ያልተጻፉበት ጄሪካን ቢረክስም ይቅር። ከበርሜል የሚቀዳ ከሆነ በርሜሉን አሳዩኝ በሉ፤ ካላሳዩ ሌላ ሱቅ አለ። ዘይት ላይ የሚጨመሩት ትንንሽ ጠርሙሶች፣ «ካምቢዮ ጠጋኝ» የሚባሉት፣ አያስፈልጓችሁም።

ጥቂት አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ማርሽ ከገባበት በራሱ ከወጣ፦ ማርሹን የሚገፋው ሹካ መበላት ወይም የላላ የካምቢዮ ማሰሪያ ነው፤ ዘይት አይመለከተውም።

ማፍሰሻው ቡሎን ላይ ዘይት ከላበ፦ የመዳብ ቀለበቱን ቀይሩ፤ ሳጥኑ በብዙ መኪና አሉሚኒየም ስለሆነ በቧንቧ አርዝማችሁ አታጥብቁት።

ባጃጅ፦ ሞተሩና ማርሹ አንድ ዘይት ነው የሚጋሩት፤ ፍሪሲዮኑም እዚያው ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው። የቤት መኪና ዘይት ከሞላችሁበት ፍሪሲዮኑ ሊንሸራተት ይችላል፤ 20ደብሊው-50 «ጃሶ ኤምኤ» (ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚሆን ማለት ነው) የሚል ፈልጉ።

የተጎተተ መኪና፦ የኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው መሬት እየነካ ረጅም መንገድ ከተጎተተ፣ በዜሮ ማርሽም ቢሆን ካምቢዮው ውስጥ ዘይት የሚረጨው ዘንግ አይዞርም፤ የሚዞረው ዘንግ ደርቆ ይቃጠላል። ከደጀን ማርቆስ ድረስ እንዲህ ተጎትቶ የደረሰ ሚኒባስ የተበላሸው ራዲያተሩ ብቻ ነበር፤ ሲደርስ ካምቢዮም ተጨመረበት። ከመጎተት በፊት ፕሮፔለር ሻፍቱን (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ዲፍረንሻል የሚሄደውን ዘንግ) ከኋላ በኩል ፍቱና በገመድ ወደ ላይ እሰሩት።