አሮጌው ሆንዳ አልነሳ ሲል፦ ከልጄ ደብተር የተገለበጡ ችግሮችና መፍትሄዎች

ከልጄ ጋር አንድ አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል ማደስ ከጀመርን ስምንት ወር ሆነን። ሞተሩ ሐረር አጎቴ ግቢ ውስጥ ከፍየሎቹ ጋር አንድ ዳስ ስር ለዓመታት ቆሞ ነበር። በአይሱዙ ጭነን ድሬ አወረድነው። ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ደብተር ገዝታ ገጹን ለሦስት ከፈለችው፤ ምልክት፣ ምክንያት፣ መፍትሄ። እኔ መጀመሪያ ሳቅኩባት። በኋላ ግን ያለ ደብተሩ ስንት ብር እንደማቃጥል ሳይ ዝም አልኩ።

ስለ ሞተሩ አንድ ነገር ልበል። ሆንዳ ሲጂን በ1976 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ሀሳቡ ጥገና እንደ ልብ በማይገኝበት አገር የሚችል ሞተር መስራት ነበር። ቫልቮቹን፣ አየርና ነዳጅ የሚያስገቡትንና ጭስ የሚያስወጡትን በሮች፣ የሚገፋው ዘንግ ነው፣ የሚላላ የቫልቭ ካቴና የለበትም። ቻይናዎቹም ይህንኑ ሞተር እየቀዱ ስለሚያመርቱት መለዋወጫ አይጠፋም። ግን የቅጂው ሁሉ ዕቃ አይገጥምም፣ በተለይ የኤሌክትሪኩ። የእኛ ባለ 6 ቮልት ነው፣ አዲሶቹ ባለ 12 ናቸው። አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከአዲሱ ጎን አስቀምጡና አስተያዩ። ደግሞ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በበርጫ ሰዓት ድሬ ላይ ቆሞ የሚሸጥላችሁን ሰው ፈልጋችሁ አግኙ እስቲ።

የማስነሻው ፔዳል አይወርድም

ረገጥነው፣ ድንጋይ ነው። ቆሞ የኖረ ሞተር ውስጥ እርጥበት ይገባና የፒስተኑ ፋሻዎች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ይጣበቃሉ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በሙሉ ኪሎው ፔዳሉ ላይ ሲዘል ነው። እኔም አንዴ ዘልያለሁ። እንዲህ ሲደረግ የሚለቀው ፒስተኑ ሳይሆን የፔዳሉ ጥርስ ነው።

ካንዴላውን፣ ማለትም ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጠውን፣ ፍቱ። የሞተር ዘይትና ነጭ ጋዝ እኩል ቀላቅሉና አንድ የቡና ሲኒ በቀዳዳው አፍስሱ። ተዉት። በየማታው ትንሽ ጨምሩበት። ከሦስት አራት ቀን በኋላ የመጨረሻው ማርሽ ውስጥ አስገቡና ሞተር ሳይክሉን ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ ቀስ እያላችሁ አወዛውዙት። የእኛ በስድስተኛው ቀን «ጠቅ» አለ። ልጄ ጮኸች፣ ጎረቤት ወጣ። ከዚያ ሳታስነሱት የሞተር ዘይቱን ቀይሩ፣ ነጭ ጋዙ ወደ ታች ወርዶ አቅጥኖታልና። የመጀመሪያዋን ርግጫ ስትረግጡ ደግሞ ፊታችሁን ከካንዴላው ቀዳዳ አርቁ፣ ዘይቱ ይረጫልና። እኔን አንድ ደህና ሸሚዝ አክስሮኛል።

ይዞራል፣ ግን አይነሳም

ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ እሳት፣ ነዳጅ፣ እምቅታ (ፒስተኑ አየሩን አምቆ መጭመቁ)። ከእሳቱ ጀምሩ፣ ለማየት ገንዘብ አይጠይቅምና። ካንዴላውን ፈትታችሁ ገመዱ ላይ እንደተሰካ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩና ርገጡ። ሰማያዊ ብልጭታ ካለ ወደ ነዳጁ እለፉ። ይህን ስታደርጉ ቤንዚን አካባቢው አይኑር። ቡና የሚፈላበት ከሰልም ወዲያ ይሁን። ከልጅ ጋር ስትሰሩ ይሄ ቀልድ የለውም።

የእኛ እሳት አልነበረውም። እኔ ወዲያው «ቦቢናው ነው» አልኩ፣ ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ጥቅልል ማለት ነው። ሄጄ ገዛሁ። ለውጠን ረገጥን፣ ምንም። ልጄ ደብተሯን ከፍታ «አባዬ፣ ቦቢናው መበላሸቱን በምን አወቅክ?» አለችኝ። በምንም። ይሄኔ ነው ከመጀመሪያው የጀመርነው። የዚህ ሞተር እሳት የሚመጣው ከሞተሩ ጋር እየዞረ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ማግኔት ነው፣ ስለዚህ ባትሪውን ለመርገም አትቸኩሉ። ቁልፉ ሞተሩን የሚያጠፋው ደግሞ እሳቱን ወደ ሞተሩ ብረት አፍስሶ ነው። እንግዲህ ቁልፉ ውስጡ ከዛገ ብታበሩትም እንደጠፋ ይቆጥረዋል ማለት ነው። ከቁልፉ የሚመጣውን የማጥፊያ ሽቦ ነቅለን ረገጥን። ብልጭ! የገዛሁት ቦቢና እስካሁን መደርደሪያ ላይ ነው፣ የሚፈልግ ካለ።

ሽቦውን ነቅላችሁም እሳት ከሌለ በግራ በኩል ያለውን ክዳን ፈትታችሁ እሳቱን የሚከፍትና የሚዘጋውን ኮንታክት ፖይንት እዩት። ቆሞ ከኖረ ጫፎቹ ላይ ዝገት ይቀመጣል። በስስ የብርጭቆ ወረቀት አንዴ ሁለቴ ፈትጉት፣ ቀጥሎ ቤንዚን በነካ ንጹሕ ወረቀት ጥረጉት። በደንብ ሲከፈት ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። የካንዴላው ከ0.6 እስከ 0.7። እሳቱ ቢጫና ደካማ ሆኖ የኮንታክቱ ጫፍ በአጭር ጊዜ የሚቃጠል ከሆነ የኮንታክቱን ብልጭታ የሚውጠውን ኮንደንሰር ጠርጥሩ፣ ርካሽ ነው።

ይነሳል፣ ከዚያ ይጠፋል

መቼ ነው የሚጠፋው? መልሱ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ከተነሳ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ ነዳጅ እየደረሰው አይደለም። የእኛ ታንክ ውስጡ ቀይ አፈር ይመስል ነበር፣ ሁሉም ዝገት። ከታች ያለችው የነዳጅ ቧንቧ ወንፊት ተደፍናለች፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የነሐስ ቀዳዳዎችም እንዲሁ። ታንኩን አቼቶ ሞልተን አንድ እፍኝ አሮጌ ዳዶ ጨመርንበትና ሁለት ቀን ተቀባብለን ስንነቀንቅ ከረምን። ቀጥሎ ውሃ፣ ከውሃው በኋላ የአቼቶውን ኃይል እንዲሰብረው ቤኪንግ ሶዳ በውሃ፣ ከዚያ ፀሐይ። ለአንድ ጊዜ እንኳን የድሬ ፀሐይ ጠቀመችን፣ በአንድ ቀትር ደረቀ። ከደረቀ በኋላ ሳትውሉ ሳታድሩ ትንሽ ዘይት አዙሩበት፣ አለዚያ በማግስቱ እንደገና ይዝጋል። የነሐሷን ቀዳዳ በሽቦ እንዳትወጓት። ትሰፋለች፣ ስትሰፋ ነዳጅ ታበዛለች፣ ከዚያ ሌላ በሽታ ፍለጋ ትኖራላችሁ። በቤንዚን ዘፍዝፋችሁ በጎማ መንፊያ ንፉ።

ከአሥር ደቂቃ ጉዞ በኋላ የሚጠፋና ትንሽ አረፍ ሲል የሚነሳ ከሆነ ግን ካርቡራተሩን አትንኩ። የታንኩን ክዳን ክፈቱ። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበ ምክንያቱን አገኛችሁት። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ጠብታ የምታህል ቀዳዳ አለች፣ እሷ በአሸዋ ስትደፈን ነዳጁ መውረድ ያቅተዋል። ይሄን ያገኘነው ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ቆመን ነው። ሦስት የባጃጅ ሾፌሮች ሦስት የተለያየ በሽታ ነግረውናል፣ አንዱም ክዳኑን አላለም።

ልጅቷ ጠፋች

ይሄም ደብተሩ ውስጥ አለ፣ በእሷ ጽሑፍ። ምልክት፦ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ጋ የሚመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ምክንያት፦ አባዬ ካቻቢቴውን ከእጄ ይነጥቃል።

እውነት ነው። እሷ አንድ ብሎን ለመፍታት አሥር ደቂቃ ስትታገል እጄን ይበላኛል። «አምጪ አቦ» ብዬ እወስድባታለሁ። ሦስት ሳምንት ጠፋች። መፍትሄው ተራ ነው፦ ሥራውን ከፈልን። ካርቡራተሩና ኤሌክትሪኩ የእሷ ሆኑ፣ እኔ እዚያ ላይ የማበራው የእጅ ባትሪ ብቻ ነው። ሰዓቱንም ቀየርን። በቀትር ሙቀት ልጅ ማሠራት ቅጣት ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ወይ አመሻሽ ላይ ሆነ። አንድ የተሰበረ ብሎን አስከፍሎኛል። ይሁን።

ድሬ ላይ ደህና ነው፣ ደንገጎ ላይ ይታፈናል

ደንገጎ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ነው። ሁሉም ሰው «ከፍታው ነው» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ገደማ። ስትወጡ አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ ግን ይሄን አያውቅም፣ ያንኑ ነዳጅ ይልካል፣ ስለዚህ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበታል። ግን ይሄ ብቻውን ጤነኛ ሞተር አያስቆምም። ድሬ ላይ ሆኖ ነዳጅ እየበዛበት የነበረውን ነው ደንገጎ የሚያጋልጠው።

ካንዴላውን ፈትታችሁ ቀለሙን እዩ። ቡና ዓይነት ከሆነ መልካም። እንደ ጥላሸት ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል፣ ነጩ ደግሞ ፒስተን ስለሚያቃጥል የበለጠ ያስፈራል። የእኛ ጥቁር ነበር። መጀመሪያ ቾኩ፣ ለማስነሳት አየር የሚዘጋው ክዳን፣ እስከ መጨረሻ መከፈቱን አየን፣ ተከፍቷል። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን አወጣን፣ ስፖንጁ የደቻቱ ወንዝን አሸዋ ግማሽ ተሸክሟል። በነጭ ጋዝ አጥበን፣ አድርቀን፣ ዘይት አስነክተን ጨምቀን መለስነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚሁ ነው። የቀረውን ልጄ በካርቡራተሩ መርፌ ጨረሰችው። መርፌዋን የያዘችውን ቅንጥብ አንድ እርከን ወደ ላይ ስታነሷት መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ነዳጁም ይቀንሳል። አንድ እርከን ብቻ፣ ከዚያ ነድቶ ካንዴላውን ማየት።

ጥቃቅኖቹ

ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አካባቢ «ትክ ትክ» የሚል ድምፅ ካለ የቫልቭ ክፍተት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ፒስተኑ በእምቅታ ላይኛው ጫፍ ሆኖ፣ ሁለቱም 0.08 ሚሊ ሜትር ይሁኑ። አጥብቃችሁ ዝም ልታሰኙት አትሞክሩ፣ ትክ የማይል ቫልቭ ሳይገጥም ሊቃጠል ይችላል።

ሰማያዊ ጭስ ስታስነሱት ብቻ ከታየ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) ነው፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡት ከጨመረ ፋሻው አልቋል።

አምፖል በላይ በላዩ የሚቃጠልባችሁ ከሆነ ባትሪው ሞቷል ወይም ጭራሽ የለም። ማግኔቱ የሚያመርተውን የሚያለዝብለት ከሌለ አምፖሉ ላይ ይወርዳል።

ፍሬኑን ስትከፍቱ ደግሞ አቧራውን በአፍም በመንፊያም አትንፉት። የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ ለሳንባ መርዝ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት። ይሄን እኔ ብቻዬን ነው የሰራሁት፣ ልጄን በሩ ጋ አቁሜ።

ክላክሱ አይጮህም

ምልክቱ ተጽፏል። ምክንያትና መፍትሄ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። እኔ ምክንያቱ መሪው ጋ ያለው ሽቦ እንደሆነ ገምቻለሁ፣ ግን ኤሌክትሪኩ የእሷ ክፍል ስለሆነ አልተናገርኩም። ፈተናዋን እስክትጨርስ ፍየል ሲያጋጥመኝ በአፌ እየጮህኩ እነዳለሁ።