ባትሪ ከቀየርኩ በኋላ ፋስት ቻርጅ እምቢ ያለችኝ መኪና፣ ችግሩ ለካ የኬብል ማገናኛ ጎማ ነበር

የኤሌክትሪክ መኪናዬ የ2013 ስሪት ናት፣ ስትወጣ 24 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ነበራት እያረጀ ሲሄድ ግን ከግማሹ ብዙም አልተረፈም ነበር፣ ስለዚህ ከአዲሱ ሞዴል የወጣ የ40 ገጠምኩላት። ኮምፒውተሯ አዲሱን ባትሪ ስለማያውቀው መሀላቸው ላይ ካን ብሪጅ የሚባል ትንሽ ቦርድ ገባ፣ አስተርጓሚ በሉት።

ስሎው ቻርጅ ላይ ምንም አላለችም። ቻዴሞ (የፋስት ቻርጅ መሰኪያው) ላይ ስሰካት ግን ጠቅ ጠቅ ትልና ቀጥ! ሶስት ቀን ሙሉ ብሪጁን ስጠረጥር፣ ሶፍትዌር ስቀያይር ከረምኩ፣ እሱ ግን ንጹህ ነው። ነገሩ ፋስት ቻርጀር ኃይል ከመልቀቁ በፊት ከረንት ወደ ቦዲው እንደማያፈስ ይፈትሻል፣ እሷ የምትወድቀው እዛ ላይ ነው።

ሰርቪስ ፕለጉን (የትልቁን ባትሪ ኃይል የሚቆርጠውን) ነቀልኩ፣ ካፓሲተሮቹ የያዙትን ኤሌክትሪክ እስኪያራግፉ 10 ደቂቃ ጠበቅኩ (እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ 1000 ቮልት የሚችል ጓንት ከሌላችሁ አትንኩት)፣ ከዛ የቻዴሞውን ብርቱካናማ ኬብል ከሁለቱም ጫፍ ፈትቼ በ500 ቮልት ሜገር (ኬብሉ ከረንት እንደሚያፈስ የሚለካ መሳሪያ) ስለካው ጥቂት ኪሎ ኦም ብቻ! ሜጋ ኦም ነበር መሆን ያለበት። ኮኔክተሩን (ማገናኛውን) ስከፍተው ውሃ የምትከላከለው ጎማ ተጣማ ውሃ አስገብታለች፣ ፒኑ አረንጓዴ ለብሷል። ያጣመምኳት ደሞ እኔው ነኝ፣ ስገጥም ቸኩዬ።

በአልኮል ጠራረግኩት፣ በደንብ አደረቅኩት፣ አዲስ ጎማ አስገባሁ፣ ደግሜ ለካሁ። አሁን ስሰካት በ45 ኪሎዋት ኃይል ትሞላለች፣ 80 ፐርሰንት አካባቢ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ እሱ ኖርማል ነው።