የጥርስ ኢንፌክሽን፦ ከምልክቱ ተነሥቶ መንስኤውንና መፍትሔውን መለየት

የጥርስ ኢንፌክሽን ደረጃ በደረጃ የሚሄድ በሽታ ነው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከስኳር የሚሠሩት አሲድ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ይቦረቡራል፤ ቀዳዳው እየጠለቀ ሲሄድ ነርቭና የደም ሥር ወዳለበት ወደ ጥርሱ መሐል ይደርሳል፤ ከዚያም ኢንፌክሽኑ በሥሩ ጫፍ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት ይወጣል። ስለዚህ ሕመሙ መቼና እንዴት እንደሚሰማው በጥንቃቄ ያስተዋለ ሰው ችግሩ የት እንደ ደረሰ በአብዛኛው መገመት ይችላል፤ የሚያረጋግጠው ግን የሐኪም ምርመራና ራጅ ነው።

ምልክት፦ ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ነገር ሲነካው ጠቅ አድርጎ ወዲያው የሚተው ሕመም

ነርቩ ተቆጣ እንጂ አልሞተም። ሐኪሙ የተበላሸውን ክፍል አጽድቶ ጥርሱን ይሞላዋል፤ ነገሩም በአብዛኛው በዚሁ ያበቃል።

ምልክት፦ ትኩስ ቡና ሲጠጡ የሚነሣ፣ ከተነሣም የማይለቅ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ጥዝጠዛ

የቆሰለው ነርቭ በጠንካራ ግድግዳ የተከበበ በመሆኑ ሲያብጥ የሚሰፋበት ቦታ የለውም፤ ሲተኙ ደግሞ ወደ ራስ የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ጫናው ይበረታል። መፍትሔው የነርቭ ሕክምና (ሩት ካናል) ወይም ጥርሱን መንቀል ነው። እስከዚያው ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት ይረዳል፤ አንድ አዋቂም 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ከ500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ጋር ሊወስድ ይችላል። ሆኖም የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ወይም ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያማክሩ አይቡፕሮፌን መውሰድ አይገባቸውም። ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ ወይም የተፈጨ አስፕሪን ድድ ላይ ማድረግ ሥጋውን ያቃጥላል እንጂ ኢንፌክሽኑን አይነካም። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠበቅበት።

ምልክት፦ ሲያም የሰነበተው ጥርስ ሳይታከም በድንገት ዝም ማለቱ

ብዙ ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ቀጠሮውን የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ምልክት አጥብቄ የማስጠነቅቅበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሕመሙ የጠፋው ነርቩ ስለ ሞተ ሊሆን ይችላል፤ ባክቴሪያው ግን ከሞተው ክፍል ውስጥ ሳይነካ መራባቱን ይቀጥላል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጥርሱ ሲያኝኩበት ያማል፣ ከሌሎቹ ረዘም ያለ ይመስላል፣ ወይም ከሥሩ በላይ ድድ ላይ መግል እያፈሰሰ የሚጎድልና ተመልሶ የሚሞላ ብጉር ይወጣል። ብጉሩ የማያመው መግሉ መውጫ ስላገኘ ነው፤ ድኗል ማለት አይደለም።

በዚህ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ፣ ወይም ከጎረቤት የተረፈ ፍሬ ተቀብሎ መዋጥ የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ወደ ታመመው ቦታ የሚሄደው በደም ነው፤ የሞተ ነርቭ ደግሞ ደም አያገኝም። በመሆኑም በዙሪያው ያለው እብጠት ጥቂት ቀን ይቀንሳል፣ ምንጩ ግን ስላልተነካ ችግሩ ይመለሳል፤ ሲመለስም መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሌላ የጤና ችግር የሌለበት አዋቂ ትኩሳትና የተስፋፋ እብጠት ከሌለው ጥርሱ ይታከምለት እንጂ አንቲባዮቲክ አይሰጠው የሚለው በዚህ የተነሣ ነው።

ምልክት፦ ጉንጭ ማበጥ፣ ትኩሳት፣ የድካም ስሜት

መግሉ ከአጥንቱ አልፎ ወደ ሥጋ ገብቷል። ሐኪሙ መግሉን ያፈስሳል፣ ጥርሱን ያክማል ወይም ይነቅላል፤ አንቲባዮቲክም ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። «ያበጠ ጥርስ አይነቀልም» የሚለው አባባል ብዙዎችን ያዘገያል፤ በእርግጥ በቆሰለ ሥጋ ላይ ማደንዘዣ እንደ ልብ አይሠራም፣ ነገር ግን ሐኪሙ ከእብጠቱ ራቅ ብሎ ሊወጋ ስለሚችል እብጠቱ እስኪጎድል መጠበቅ ግዴታ አይደለም። እብጠቱን በሙቅ ነገር መተኮስም አይገባም። የስኳር ሕመምተኞች አንድ ቀንም ማሳደር የለባቸውም፤ ኢንፌክሽኑ ስኳሩን ከፍ ያደርጋል፣ ከፍ ያለው ስኳር ደግሞ ኢንፌክሽኑን ያባብሳል።

ምልክት፦ አፍ አለመከፈት፣ ከአገጭ ሥር የጠነከረ እብጠት፣ ምላስ ወደ ላይ መነሣት፣ ምራቅ መዋጥ አለመቻል፣ የድምፅ መለወጥ

ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ በ1836 እ.ኤ.አ. የገለጸው ይህ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከታችኛው መንጋጋ ጥርስ ነው፤ በሰዓታት ውስጥም የትንፋሽ መተላለፊያን ሊዘጋ ይችላል። ወደ ጥርስ ክሊኒክ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ መሄድ ያስፈልጋል። እስኪደርሱም ታማሚው ቀና ብሎ ይቀመጥ እንጂ በጀርባው አይተኛ።