የድሮ ሜካኒካል እርሳስ ዕድሜ ስትገምቱ የምትሳሳቱት (እኔም የተሳሳትኩት)

ሰሞኑን እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ ልጅ አስራ አንድ የድሮ ሜካኒካል እርሳስ (ውስጡ ሊድ የሚባል ቀጭን የሚጽፍ ዘንግ የሚከተትበት) በፌስታል ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። ከጡረተኛ ቀያሽ ቤት ነው የገዛቸው። ሁሉም ላይ ፕላስተር ለጥፎ ዓመቱን ጽፎበታል፣ ትጋቱ ደስ ይላል፣ ግን ከአስራ አንዱ ዘጠኙ ስህተት። ስህተቱ ደግሞ ሁሌም ያው ስለሆነ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ዋናው በሽታ እቃው ላይ ቁጥር ካዩ የተሠራበት ዓመት ነው ብሎ መደምደም። ኧረ አይደለም! ጠገራ ብሩን እዩት እስኪ፣ ሁሉም ላይ 1780 ነው የሚለው፣ ማሪያ ትሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ የተመታውም ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው። የጎጃም ሰው ጠገራ ላይ ይህን አሳምሮ ያውቃል፣ እርሳስ ላይ ሲደርስ ግን ይጠፋበታል። "ፓት" ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቀን ፓተንቱ (የፈጠራ መብቱ) የተሰጠበት ነው፣ ፋብሪካው ያንን ጽሑፍ ለብዙ ዓመት ሊመታው ይችላል። ከዚህ ቀን በፊት አልተሠራም፣ የሚነግራችሁ ይችኑ ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰው በእጅ የተቀረጸው ነው። እዚህ ላይ የራሴን ልናዘዝ። ፍኖተ ሰላም አንድ የብር ቅብ እርሳስ አግኝቼ ገዛሁ፣ ጎኑ ላይ "ለመምህራችን መታሰቢያ 1948" ተብሎ ተቀርጾበታል፣ በአማርኛ። እኔ መዝገቤን የምይዘው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ዝም ብዬ 1948 ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለመጣው ለሄደው እያሳየሁ ስኮራበት ኖሬ አንድ ቀን ሰዓት ሠሪ ወዳጄ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ክሊፑ ሥር አየና ሳቀብኝ። "አያ፣ ይሄ እኮ ዌስት ጀርመኒ ይላል።" ዌስት ጀርመኒ (ምዕራብ ጀርመን) የሚባለው አገር የተመሠረተው በፈረንጅ 1949 ነው፣ አገሩ ሳይወለድ እርሳሱን ማን ሠራው? ለካ የተቀረጸው በእኛው አቆጣጠር ነው፣ በፈረንጅ ከ1955 መስከረም እስከ 1956 መስከረም መሆኑ ነው። እሱም ቢሆን ተማሪዎቹ የሸለሙበት እንጂ የተሠራበት አይደለም፣ ሱቅ ውስጥ ስንት ዓመት አቧራ ጠጥቶ እንደነበር ማን ያውቃል። አሁን መዝገቤ ላይ "ከ1949 እስከ 1956" ይላል። አያምርም ግን አይዋሽም።

ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት የአገሩን ስም ፈልጉ። ዌስት ጀርመኒ ካለ በፈረንጅ ከ1949 እስከ 1990። ቼኮዝሎቫኪያ ካለ ከ1918 እስከ 1992፣ ሰፊ ነው ግን ድንበር ነው፣ የቀያሹ ኮሂኑር የሚባሉት እርሳሶች እንዲህ ነበሩ። "ዲ.አር.ፒ" የምትል ካለች የጀርመን ራይክ ፓተንት ነች፣ ቢሮው በ1945 ስለተዘጋ ከዚያ ወዲህ የወጣ ፓተንት አይደለም። "ጀርመኒ" ብቻ ካለ ዝም በሉት፣ ምንም አልነገራችሁም።

ሻጭ የሚነግራችሁን ታሪክ አትመዝግቡ። እዚህ አገር ያረጀ እቃ ሁሉ የራስ ኃይሉ ነበር። አንዱ እላዩ የሚጫን ባለ 0.5 እርሳስ አምጥቶ የራስ ኃይሉ ጸሐፊ የጻፉበት ነው ብሎ ማለልኝ። ራስ ኃይሉ ከጎጃም የተነሱት በ1924 ዓ.ም ነው፣ 0.5 ሊድ ደግሞ በፈረንጅ በ1960ዎቹ ጃፓን የወጣ ነገር፣ ፔንቴል ነው ያመጣው። ሰላሳ ዓመት ይሳሳታል! አልተጣላሁትም፣ ቡና ጋብዤ ሸኘሁት።

እግረ መንገዴን፣ የድሮዎቹ ብዙዎቹ ሊዳቸው 1.18 ሚሊ ነው። 0.7 ከተትኩበት ሾልኮ ወደቀ፣ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ወፍራም በግድ አትሰኩበትም፣ አንድ ተማሪዬ ሰክቶ ውስጡን ለመፍታት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ፓርከር ያላችሁ፣ በፈረንጅ ከ1980 ወዲህ ዓመቱን በፊደል ነው የሚጽፉት፣ "ኳሊቲፔን" (QUALITYPEN) ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አስሩ ፊደላት ከ0 እስከ 9 ይቆጠራሉ። ፊደሏ የምትነግራችሁ የዓመቱን መጨረሻ ቁጥር ብቻ ነው፣ "ዩ" (U) ካለ 1981ም 1991ም ሊሆን ይችላል። ልጁ ዝም ብሎ 1981 ብሎ ለጥፎበታል።

ማጽዳት! ማጽዳት! እባካችሁ አታጽዱ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አንድ የእንግሊዝ ብር እርሳስ ጠቆረ ብዬ በአመድና በሎሚ አሸሁት፣ እናቴ የብር መስቀሏን እንደምታደርገው። አበራ፣ እንደ ጨረቃ አበራ። የእንግሊዝ ብር ላይ አንበሳ አለች፣ ብሩ 92.5 በመቶ ንጹህ መሆኑን የምትመሰክር፣ አጠገቧ ደግሞ አንዲት ትንሽ ፊደል አለች፣ ብሩ የተፈተሸበትን ዓመት የምትናገር። ቅድም ቁጥር አትመኑ ስል የነበረው እዚህ ላይ አይሠራም፣ ይቺ ፊደል ትታመናለች። እኔ ያሸሁት እሷኑ ነው። አንበሳዋ በግማሽ ተረፈች፣ ፊደሏ ጠፋች፣ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ያለ ዕድሜ ተቀምጧል።

በጋለ መርፌ ወግቶ ሴሉሎይድ (የድሮ ፕላስቲክ ዓይነት) መሆኑን ማረጋገጥ የሚባል ነገር አለ፣ አታድርጉት፣ ሴሉሎይድ እንደ ክብሪት ነው የሚቀጣጠለው። በአውራ ጣት አሽታችሁ ሲሞቅ አሽትቱት፣ ካምፎር ካምፎር ይላል።

ወርቅ ነው ብላችሁ ወርቅ ሠሪ ቤት የምትሮጡም አላችሁ። "1/20 12 ካራት" ማለት ከክብደቱ ሃያ እጁ አንዱ ብቻ የ12 ካራት ወርቅ ነው ማለት ነው፣ ሌላው ተራ ብረት። ወርቅ ሠሪው ደግሞ ለማወቅ በሞረድ ይፍቀዋል፣ ከዚያ በኋላ እኔ ጋ ብታመጡት ምን ላድርግላችሁ።