ቨርጂኒያ ውስጥ የፍጥነት ትኬት ሲሰጣችሁ፦ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት

ትኬት የተሰጠው ሰው ቶሎ ከፍሎ መገላገል ይፈልጋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን መክፈል ጥፋቱን ማመን ነው፤ ከከፈላችሁ በኋላ መከራከር ይከብዳል። ስለዚህ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ።

1. መንገድ ላይ፦ ፖሊሱ ፈርሙ ሲላችሁ ፈርሙ። ፊርማው በቀጠሮው ቀን እቀርባለሁ ማለት እንጂ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም። በስንት ማይል ስትነዱ እንደነበር ቢጠይቃችሁ በግምት ቁጥር አትጥሩ፤ የተናገራችሁትን ለዳኛው ሊደግመው ይችላል።

2. የሕጉን ቁጥር ፈልጉ። ወረቀቱ ላይ 46.2-862 የሚል ካለ ጉዳዩ ተራ ትኬት አይደለም፤ ረክለስ ድራይቪንግ (በግዴለሽነት መንዳት) ይባላል፣ ወንጀል ነው። ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ፣ ወይም የመንገዱ ወሰን ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ መንዳት እዚህ ውስጥ ይገባል። 70 በተፈቀደበት አውራ ጎዳና 86 የነዳ ሰው ያለፈው 16 ማይል ብቻ ነው፤ ግን ረክለስ ነው። 25 በሚል የመኖሪያ ሰፈር 45 የነዳም እንደዚያው። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስር፣ እስከ 2,500 ዶላርና መንጃ ፈቃድን እስከ 6 ወር ማገድ ሊደርስ ይችላል። ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) መዝገብ ላይ ደግሞ 11 ዓመት ይቆያል። ለዜግነት የምታመለክቱ ከሆነ ይህን የመሰለ ጥፋተኝነት መጠየቁ ስለማይቀር፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃም አማክሩ።

(ልጆች ለማሳፈር ወይም ለማውረድ የቆመ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አልፎ መሄድም በዝግታም ቢሆን ረክለስ ነው።)

3. ተራ የፍጥነት ትኬት ከሆነ ሂሳቡን አስሉ። በአብዛኛው መንገድ ላይ ለእያንዳንዱ ትርፍ ማይል 6 ዶላር ነው፤ 14 ማይል ላለፈ 84 ዶላር፣ የፍርድ ቤት ወጪ ተጨምሮበት። መዝገባችሁ ላይ የሚያዝባችሁ የጥፋት ነጥብ (ዲሜሪት ፖይንት) እስከ 9 ማይል 3፣ ከ10 እስከ 19 ማይል 4 ነው። ነጥቡ 2 ዓመት ይቆያል፤ ጥፋቱ ራሱ ግን መዝገቡ ላይ 5 ዓመት ስለሚታይ ኢንሹራንሳችሁ ሊጨምር ይችላል። በ12 ወር ውስጥ 12 ነጥብ የደረሰበት አዋቂ የአነዳድ ማሻሻያ ኮርስ እንዲወስድ ይገደዳል።

4. ረክለስ ከሆነ ቀጠሮው ሳይደርስ ተዘጋጁ። አስቀድሞ ከፍሎ መዝጋት አይቻልም፤ ካልቀረባችሁ የእስር ማዘዣ ሊወጣባችሁ ይችላል። የትራፊክ ጠበቃ ያዙ። የመንጃ ታሪካችሁን ከዲኤምቪ አውጡ፤ ንጹሕ ታሪክ ዳኛ ፊት ብዙ ይረዳል። የ8 ሰዓቱን የአነዳድ ማሻሻያ ኮርስ ቀድማችሁ ብትወስዱ ለመደራደር ይጠቅማችኋል።

የፍጥነት መለኪያችሁንም አስፈትሹ። መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ የሚያሳይ ከሆነ፣ ፈታሹ በመሐላ ያረጋገጠውን ወረቀት ፍርድ ቤቱ በማስረጃነት ይቀበላል፤ ክሱ ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት እንዲወርድ ሊረዳ ይችላል። ልኩን የሚያሳይ ከሆነ ግን ወረቀቱ አይጠቅማችሁም።

5. አስተርጓሚ ጠይቁ። እንግሊዝኛችሁ ለሥራና ለገበያ ቢበቃም ለፍርድ ቤት ላይበቃ ይችላል። ከቀጠሮው ቀደም ብላችሁ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቢሮ ደውላችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ተናገሩ። ልጃችሁ ወይም ጓደኛችሁ እንዲያስተረጉምላችሁ አታድርጉ። ዳኛው ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም ሲል ሳይገባችሁ "የስ" ማለት ትልቁ አደጋ ነው፤ ጥፋቱን አመናችሁ ማለት ይሆናል።

6. ከተፈረደባችሁ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። ጉዳዩ ሰርኪት ኮርት (ከፍ ያለው ፍርድ ቤት) ሄዶ ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ይታያል። ቀኑን የምትቆጥሩት ከፍርዱ ማግስት ጀምሮ ነው፤ ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራሉ።