ተማሪዎቼ «ሕዋስ» ብለው የሳሉት አረፋ ነበር፤ ብርሃንን በማይክሮስኮፕ ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ፊዚክስ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ያየንበትን ቀን ሥዕሎች ሰብስቤ ሳርም፣ ከግማሽ የሚበልጡት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ነገር ስለው አገኘሁ። ፍጹም ክብ፣ ዙሪያው በወፍራም ጥቁር መስመር የታጠረ፣ ከሥሩ «ሕዋስ» የተባለ። የሽንኩርት ሕዋስ ግን እንደ ጡብ የተደረደረ፣ ረዘም ያለ ነገር ነው። የሳሉት የአየር አረፋ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ብርሃን በመንገዱ ላይ ምን እንደሚገጥመው ሳላስረዳ ዓይናቸውን ወደ ሌንሱ ሰደድኩ።

ከዚያ ወዲያ የሠራሁት ሁለተኛው ስህተት አረፋን እንደ ቆሻሻ መቁጠር ነበር። «አረፋ እንዳይገባ ተጠንቀቁ» ብዬ አለፍኩ። አሁን ሆን ብዬ አስገባለሁ። መሸፈኛውን ብርጭቆ አዘንብሎ ከማስቀመጥ ይልቅ በጠፍጣፋው ጣል ማድረግ ይበቃል። ከዚያ ጠርዙ ለምን እንደጠቆረ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ የሚናገረው የስብረት ቁጥር ለውሃ 1.33፣ ለአየር 1.00 ገደማ ነው። በአረፋው መሐል የሚያልፈው ብርሃን ብዙም ሳይታጠፍ ወደ ሌንሱ ይደርሳል፤ ጠርዙን የሚነካው ግን ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ከ49 ዲግሪ ባለፈ ማዕዘን ሲመታም ጨርሶ ወደ ውሃው ይመለሳል። ጥቁሩ መስመር ሌንሱን የሳተው ብርሃን ነው። ቀጥሎ ውሃ ውስጥ የተመታ የምግብ ዘይት ጠብታ አሳያለሁ። ሌንሱ ከስላይዱ ከፍ ሲል የዘይቱ መሐል ያበራል፤ የአረፋው መሐል የሚያበራው ሌንሱ ዝቅ ሲል ነው። አንዱ ብርሃንን ይሰበስባል፣ ሌላው ይበትናል። ይህን አንድ ልጅ ትንሹን መዘውር በጣቱ እያዞረ ሲደርስበት ከሰሌዳ ሥዕል ጋር አይወዳደርም።

ፊደል ማሳየትም የራሱ ወጥመድ አለው። ከጋዜጣ ላይ «ሀ»ን ቆርጠው ስላይድ ላይ ሲያደርጉ «በ»ን የምትመስል ትታያለች፤ ክፍሉ ይስቃል፣ መምህሩም «ምስሉ ተገልብጧል» ብሎ ይጨርሳል። ግማሹ ትምህርት ቀርቷል። «ሀ» ግራና ቀኟ አንድ ስለሆነ ግራው ወደ ቀኝ መሄዱን አትናገርም። «ሁ»ን ይጠቀሙ። በቀኝ የነበረችው ጭረት በግራ ትገኛለች። ከዚያ ስላይዱን ወደ ቀኝ ግፉት ሲባሉ ፊደሏ ወደ ግራ ስትሸሽ የጨረሮቹን መሻገር በእጃቸው ያውቁታል።

የፀሐይን ነገር በቀላሉ አላልፈውም። መብራት በሌለበት ክፍል የምንሠራው ብርሃንን ከሥር ወደ ስላይዱ በሚመልሰው የማይክሮስኮፑ መስታወት ነው፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ ምሕረት የላትም። መስታወቱን በቀጥታ ወደ ፀሐይ ማዞር ዓይን ያጠፋል። ወደ ሰማዩ ወይም ፀሐይ ወዳረፈበት ነጭ ግድግዳ ያዙሩት። «ወደ ሰሜን መስኮት ዙሩ» የሚለው ምክር የአውሮፓ ነው፤ እኛ ዘንድ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ራሷ በሰሜን በኩል ታልፋለች።

«ብርሃን በበዛ ቁጥር ይጠራል» ብሎ ማሰብም አለ። ያልተቀለመ የሽንኩርት ልጣጭ ከሥር የሚገባውን ብርሃን የሚያሰፋውና የሚያጠብበው ቀዳዳ (ዲያፍራም) በሰፊው ተከፍቶ ሲታይ በነጭ ውስጥ ይሰወራል። ቀስ አድርገው ሲያጠብቡት የሕዋሱ ግድግዳ ብቅ ይላል። ከመጠን በላይ ካጠበቡት ደግሞ በየጠርዙ ድርብርብ መስመር ይመጣል፤ ያ የሞገድ መታጠፍ ስለሆነ ለማስተማሪያነት ይዋል።

ማጉላትን ከመለየት ጋር መቀላቀል የተማሪ ብቻ ሳይሆን የመምህርም ስህተት ነው። 10 እጥፍ የሚያጎላ የዓይን ሌንስና 40 እጥፍ የሚያጎላ የታችኛው ሌንስ 400 ይሰጣሉ፤ ሆኖም ምስሉን በስልክ ካሜራ የፈለጉትን ያህል ቢያሰፉት አዲስ ዝርዝር አይወጣም። ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ በ1873 ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ገደቡን የሚያስቀምጠው የብርሃን የሞገድ ርዝመትና ሌንሱ የሚቀበለው የብርሃን ማዕዘን ነው። የሚታይ ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ምርጡ የተለመደ ማይክሮስኮፕ እንኳን ከ0.2 ማይክሮሜትር በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን አይለይም።

ሌንስን በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ይቅር። ከከተማችን ወንዝ ከደቻቱ የሚነሳው አቧራ የኳርትዝ ቅንጣት ያዘለ ነው፤ ኳርትዝ ደግሞ ብርጭቆን ይጭራል። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አየር ይንፉበት፣ ከዚያ በሌንስ ወረቀት።

ያንኑ አሸዋ ግን አጥበው ስላይድ ላይ ቢያኖሩት ሌላ ነገር ነው። ከተበላሸ ካልኩሌተር ማሳያ የፊቱን ፊልም፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈውን (ፖላራይዘር)፣ ልጠው ለሁለት ይቁረጡ፤ አንዱን ከስላይዱ ሥር፣ ሌላውን ከበላዩ አድርገው ሜዳው እስኪጨልም የላይኛውን ያዙሩ። በጨለማው ውስጥ የደቻቱ አሸዋ ብቻ ያበራል፣ ጠርዝ ጠርዙም ቀለም ያወጣል። ባለፈው ጊዜ አንዲት ተማሪዬ ዓይኗን ከሌንሱ ሳታነሳ «ቲቸር፣ ይሄ ወንዙ ውስጥ የምንረግጠው ነው?» አለችኝ።